የፈትሒያ አፍንጫ

ባቱል ወድ ቶምን ትጠላለች። እንዲያው መሰልቸት እንዳይመስላችሁ፤ ከሆድ የተነሳ የምር ጥላቻ ነው። ነጭ አባይ ዳር የተኮለኮለችው ይቺ የጭቃ ከተማ፣ ሰው ጓዳው ገብቶ ቢያስነጥስ ገበያ ላይ “ይማርህ” የሚባልባት ናት። አንዲት ሴት ሽንኩርት ገዝታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ገና ከደጃፏ ሳትደርስ ለምን እንደገዛችው፣ ማን እንደሚበላውና ስንቱ እንደበሰበሰ ታውቆ ያድራል። ባቱል እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተድራ፣ እዚሁ ባሏን ቀብራለች፤ ሬሳዋ እንኳ ከዚህ እንደማይወጣ ታውቃለች። ስለዚህ ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በአንድ ልጇ በኢንቲሳር ላይ ነው። “ልጄ ማንም የማያውቃት አገር ሄዳ ትኖራለች” ትላለች። ማንም የማያውቃት! ይህን ስትል ምራቋን ትውጣለች።

ከከተማዋም ሁሉ አብልጣ የምትጠላት አንዲት ሴት አለች፤ እሷም ከአጥሩ ወዲያ ናት። ፈትሒያ ትባላለች። የሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ የጭቃ አጥር ነው። በወድ ቶም ልማድ ጎረቤታሞች አጥራቸው ላይ ነፋጅ ይተዋሉ፤ ሴቶቹ መንገድ ሳይወጡ፣ ሳይከናነቡ፣ ከጓዳ ወደ ጓዳ የሚሹለኩበት ጠባብ በር ነው። እሳት የሚጫጫሩት፣ እርሾ የሚበዳደሩት፣ ሐሜት የሚቀባበሉት በነፋጅ ነው። ነፋጅ የሌለው አጥር ካያችሁ ወይ ጎረቤቱ ባዕድ ነው፣ ወይ በመካከላቸው ደም አለ።

ባቱልና ፈትሒያ ሙሽሮች ሆነው እዚህ ሰፈር የገቡት ባንድ ዘመን ነው። ያኔ ነፋጃቸው እግር አያጣም ነበር። ኢንቲሳር ዳዴ ስትል ቁርሷን እዚህ፣ ምሳዋን እዚያ ነበር የምትበላው። ጠቡ የተነሳው በአንድ የልጅ ስም ማውጫ ድግስ ላይ ነው። ባቱል ላም ነበራት፣ ወተት ትሸጥ ነበር፤ ለድግሱ ሻይ የላከችውን ወተት ፈትሒያ ቀመስ አደረገችና፣ ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “ባቱል እቴ፣ ላሟን ያለብሻት ወንዝ ውስጥ አቁመሽ ነው እንዴ?” አለች። ሴቱ በሳቅ ፈረሰ። ነገሩ በሳቅ ቢቀር ደግ ነበር፤ ግን ከዚያ ወዲህ ወድ ቶም ውስጥ የቀጠነ ነገር ሁሉ “የባቱል ላም” ተብሎ ቀረ። ውሃ የበዛበት ወጥ የባቱል ላም ነው፤ የሳሳ ልብስ የባቱል ላም ነው፤ የማያሳምን ሰበብም የባቱል ላም ነው። ባቱል በማግስቱ ጭቃ በእግሯ ረግጣ፣ ጡብ በእጇ ደርድራ ነፋጁን ደፈነችው።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን ጦርነት ነው። ባቱል አውራ ዶሮዋን ሆን ብላ ፈትሒያ በምትተኛበት በኩል ታስራለች። ፈትሒያ እጣቢዋን ሆን ብላ አጥሩ ሥር ትደፋለች። ባቱል በአማቷ ቀብር ላይ ዓይኗን በምራቅ አርሳ እንዳለቀሰች አገር የሰማው ከፈትሒያ አፍ ነው። አንድ ቀን ግን፣ ሲሰዳደቡ ውለው ሁለቱም ድምፃቸው ከተዘጋ በኋላ፣ ፈትሒያ አጥሩን ተደግፋ ለባቱል ብቻ በሚሰማ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች።

“ባልሽ በሞተበት ሌሊት ‘ውሃ፣ ውሃ’ ሲል አንቺ ታንኮራፊ ነበር። ሁለታችሁንም ሰምቻለሁ። ነፋጁን ባትደፍኚው እኔ እሰጠው ነበር።”

ሌላው ስድብ ሁሉ በስድብ ተመልሷል፤ ይሄኛው ግን ሳይመለስ ቀረ። ባቱል ‘ፈትሒያ ሞታ ቀብሯ ላይ ቆሜ ብስቅ’ ብላ የምትመኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢቅባል የምትባል ሴት የመጣችው ከኻርቱም ነው። ለሩቅ ዘመድ ሰርግ መጥታ ኢንቲሳርን ስትጨፍር አየቻት፤ በማግስቱ ባቱል ግቢ ተቀምጣ ስለ ልጇ ስለ ሙዓዊያ ታወራ ነበር። የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፣ ቤቱ ፎቅ ነው፣ እናቱን ያከብራል። ኢቅባል እጇም ድምጿም የለሰለሰ ሴት ናት።

“እኛ ሰፈር እኮ እህቴ፣ ማንም የማንንም ድስት ከፍቶ አያይም” አለች። “እፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰውዬ ስሙን አላውቀውም፤ ወላሂ! ቢሞት ሽታው ነው የሚነግረኝ።”

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይደነግጥ ነበር። ባቱል ግን ጀነት የተከፈተላት መሰላት።

ኢንቲሳር አባት ስለሌላት የሚድራት አጎቷ፣ የባቱል ታናሽ ወንድም፣ ሐጅ ባቢከር ነው። ዝግተኛ ሰው ነው፤ ጢሙን ሳይነካ አይናገርም።

“እታለሜ፣ እስቲ ሰው ልከን እንጠይቅ” አለ። “ማን ናቸው? ማን ያውቃቸዋል? ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ?”

“ልጄን ነው ወይስ ሰርዶ ነው የምንድረው?” ብላ ጮኸችበት። “አህያ ልንገዛ ነው እንዴ ጥርሷን ገልጠን የምናየው? ይሄ የወድ ቶም በሽታ ነው! ጠይቅ፣ አጣራ፣ አነፍንፍ! እነሱ ስለ እኛ ምን ጠየቁ?”

“እሱ ነው እኮ የገረመኝ” አለ ሐጅ ባቢከር። “ምንም አልጠየቁም።”

ባቱል አልሰማችውም። መስማት የማይፈልግ ሰው ጆሮው በር አለው። ኢንቲሳርን ስትጠይቃት ልጅቷ አንገቷን ደፍታ “አንቺ ካልሽ” አለች። ሙዓዊያን ያየችው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ጥሩ ሽቶ ይቀባል፣ ብዙም አይናገርም። ባቱል ዝምታውን ጨዋነት ብላ ተረጎመችው።

ጥሎሹ የመጣ ቀን ሰፈሩ ተንጋጋ። ስኳሩ፣ ዘይቱ፣ ጫማው ወረደ፤ ከዚያ ደግሞ ሻንጣ ሙሉ ቶብ። የአገሩ ሴት ከራስ እስከ እግሯ የምትጠቀለልበት ስስ ልብስ ነው ቶብ፤ የሴት ክብሯም ኩራቷም እሱ ነው። የእነ ኢቅባል ደግሞ ወድ ቶም አይታው የማታውቀው ዓይነት ነበር። ባቱል ለሰፈሩ ሁሉ ስታሳይ አረፈደች። ሁሉም አየ፤ አንዲት ሴት ብቻ ሳታይ ቀረች፤ እሷ ደግሞ ካላየች ሌላው ማየቱ ምን ዋጋ አለው? ባቱል ቶቦቹን አንድ በአንድ አወጣችና አጥሩ ላይ ደርድራ ሰቀለቻቸው፤ ጫፋቸው ወደ ፈትሒያ ግቢ ወርዶ እንዲንጠለጠል አድርጋ።

“ንፋስ ይንካቸው እንጂ!” አለች ጮክ ብላ። “የኻርቱም ዕቃ ታፍኖ አያውቅም!”

ባቱል የፈትሒያ አንጀት ሲያር የሰማች መሰላት። እስኪመሽ እዚያው ተዋቻቸው፤ እንዲህ የተደሰተችበት ቀን አልነበረም።

በሳምንቱ ለኢንቲሳር የጢስ ጉድጓድ ተቆፈረ። ልጅቷ በየቀኑ በሱፍ ጨርቅ ተጀቡና በጠልሕ እንጨት ጢስ ላይ ትቀመጣለች፤ ገላዋ እስኪጠይምና እስኪሸት። ባል የሌላት ሴት ጢስ አትሞቅም፣ ነውር ነው፤ ለጋብቻ የተቃረበች ሙሽራ ብቻ ናት እንደ ባለ ትዳር ተቆጥራ የሚፈቀድላት። ቤቱ በዚያ ጢስ ታጠነ፤ ምንጣፉም፣ መጋረጃውም፣ የውሃው እንስራ ሳይቀር ጠልሕ ጠልሕ አለ።

የጋብቻው ውል የሚታሰርበት ቀን ደረሰ። ወንዶቹ ከቀትር በኋላ ያለውን ሶላት ሰግደው እዚያው መስጊድ ውስጥ ሊያስሩት ነው። ኢቅባል ከእህቶቿና ከአሮጊት አክስቷ ከሐጃ ሲትና ጋር ጠዋት ገብታለች፤ ሐጃ ሲትና ጆሮዋ ስለከበደ ሰላምታዋን እንኳ በጩኸት ነው የምትሰጠው። እንግዶቹ በልተው በሙቀቱ ሰዓት እልፍኝ ውስጥ ጋደም ብለዋል። የሰፈሩ ሴቶች ግቢው ጥላ ሥር ሥጋ ይከትፋሉ። ባቱል ብቻዋን ጓዳ ገብታ ድስት ስታማስል፣ ነፋጁ የተደፈነበት ግድግዳ ድው! አለ። ደግሞ ድው! ከቆየ ጭቃ አቧራ በነነ፤ አንድ ጡብ ወደ ውስጥ ተንከባለለ።

“ማነው?!”

“መልአከ ሞት ነኝ። ዞር በይ፣ ጡቡ እግርሽ ላይ እንዳይወድቅ።”

የፈትሒያ ራስ በቀዳዳው ወጣ። ፀጉሯ አፈር ለብሷል፣ እጇ ላይ ዶማ አለ። ባቱል ማማሰያውን አነሳች።

“አብደሻል? በልጄ ሰርግ ቀን ቤቴን ታፈርሺያለሽ?”

“ድምፅሽን ቀንሺ። እንግዶችሽ ቢነቁ የሚጎዳው የኔ ስም አይደለም።”

“በር አታውቂም?”

“በበሩ? ሰው እያየኝ? ‘ፈትሒያ ባቱል ቤት ገባች’ ልባል? ከምባል አባይ ይውሰደኝ!” አለችና ሌላ ጡብ ገፋ አድርጋ በክርኗ ተደገፈች። “ስሚኝ። አንዴ ነው የምናገረው፤ ከዚያ ወደ ጠባችን እንመለሳለን። እነዚያ ቶቦች የሌላ ሴት ናቸው።”

ባቱል ሳቀች። ደረቅ ሳቅ ነበር፤ ከአፏ እንጂ ከሆዷ ያልወጣ።

“ቅናት! በቁምሽ እየበላሽ ነው።”

“ዓይኔ እንዲቀላ አይደል አጥሬ ላይ የሰቀልሽው? ዓይኔ አልቀላም፤ አፍንጫዬ ግን ነቃ። ጫፉን ይዤ አሸተትኩት። ጢስ ነው፤ ከገላ የወጣ፣ ከነላቡ ያለ የጠልሕ ጢስ። ከሱቅ የወጣ ቶብ ሱቅ ሱቅ ይሸታል እንጂ ሚስት ሚስት አይሸትም።”

“የኢንቲሳር ጢስ ነው፣ አንቺ ርጉም!”

“የሰቀልሽው ጥሎሹ በመጣ ቀን ነው። የልጅሽ ጉድጓድ የተቆፈረው በሳምንቱ። የቀጠርሽው ቆፋሪ አጥሬን ሲያናውጠው ጣራዬ ተደርምሶ ይገድለኛል ብዬ የሸሸሁት እኔ ነኝ፤ ትነግሪኛለሽ እንዴ?”

ባቱል ማማሰያውን ዝቅ አደረገች። ፈትሒያ ትንፋሽ ወሰደች፤ አቧራው አስሏት ነበር።

“መሐጁብን ላክሁት፣ የእህቴን ልጅ፣ የጭነት መኪና የሚነዳውን። ኢቅባል ሰፈር ጥግ ላይ ፉል የሚሸጠው ማን መሰለሽ? የኛው የወድ ቶም ሰው ነው፣ የጋሪ ነጂው የሐሰን ልጅ። የኛ ሰው የሌለበት የኻርቱም ጥግ የት አለ? እሱ ሁሉን ያውቃል፤ እነሱ እሱን አያውቁትም እንጂ። ሙዓዊያሽ ሚስት አለው። ሹክሪያ ትባላለች። ሁለተኛ ማግባቱ አይደለም ነገሩ፣ እሱን ሸሪዓው ፈቅዷል። ወልዳ አርባዋ ሳይወጣ ኢቅባል ልጇን አሳቅፋ በለበሰችው ልብስ አስወጣቻት። ቶቦቿን፣ ወርቋን፣ ሁሉን አስቀርታ። አባት የላት፣ ወንድም የላት። ደጅ ቆማ ስትጮህ ጎረቤቶቹ መስኮታቸውን ዘጉ። ዛሬ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምትበላው። መሐጁብ ሄዶ በዓይኑ አይቷታል፤ ዛሬ ጠዋት ነው የተመለሰው።”

“ውሸት ነው” አለች ባቱል። “ደግሞስ እውነት ቢሆን አንቺ ምን ቸገረሽ? ዝም ብትዪ ደስ አይልሽም ነበር?”

“ደስ ይለኝ ነበር እንጂ! ወላሂ፣ የምትዋረጂው አንቺ ብቻ ብትሆኚ ቁጭ ብዬ ሻይ እየጠጣሁ አይሽ ነበር። ልጅቷ ግን ዳዴ ያለችው እኔ ግቢ ነው። ደግሞ አንቺን ማዋረድ የኔ ሥራ ነው፤ ዕድሜዬን የፈጀሁበት። ለኻርቱም ሰው አላካፍልም።” ዶማዋን አነሳች። “ካላመንሽኝ ዳሪያት። ‘አልነገርሺኝም’ እንዳትዪ ብቻ።”

ራሷ ከቀዳዳው ጠፋ።

ባቱል ሮጣ ሻንጣውን ከፈተችና አንዱን ቶብ አፍንጫዋ ላይ ጫነችው። ጢስ ይሸታል። ግን ምኑ ነው የማይሸተው? መጋረጃው ይሸታል፣ እሷ ራሷ ትሸታለች። የልጇ ጢስ የሌላይቱን ጢስ ውጦታል። ያን ቀን፣ ቶቦቹ እንደመጡ፣ አሽትታቸው ቢሆን! አላሸተተችም፤ ፈትሒያን ስታቃጥል ነበር። አሁን በእጇ ያለው ማስረጃ የደመኛዋ ቃል ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ ባቢከር መስጊድ ውስጥ እጁን ለሙዓዊያ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ልጅቷ የሰው ናት።

ኢቅባልን ብትጠይቃት ምን እንደምትል ታውቃለች፤ እየሳቀች ታስተባብላለች። ማንን ጠይቃ ታጣራ? ኢቅባልን የሚያውቃት ሰው የለም። ባቱል የወደደችው ይሄንኑ ነበር። ጭንቅ ሲይዛት ደግሞ ሳትፈልግ ፈትሒያ የሰደበቻትን ስድብ ሁሉ አንድ በአንድ ታስብ ጀመር፤ ውሸት ፍለጋ። አንድ ውሸት ብቻ ባገኝባት ብላ። አንድ ቀን የፈጠረችብኝ፣ ያጋነነችብኝ፣ ያልሆንኩትን ሆነሻል ያለችኝ ነገር። የወተቱን አሰበች። የምራቁን አሰበች። ያን ሌሊት፣ የባሏን፣ አሰበች። እዚያ ስትደርስ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለች። ፈትሒያን የጠላቻት በሐሰት ስለከሰሰቻት አልነበረም። ሐሰት ቢሆንማ ስቃ ታልፈው ነበር።

ቶቦቹን በሙሉ አቅፋ ወደ እልፍኝ ሄደች። ኢቅባል አልጋ ላይ ጋደም ብላ በማራገቢያ ታራግባለች። ባቱል ጭኗ ላይ ጣለችላት።

“ሹክሪያ ማን ናት?”

ማራገቢያው ቆመ፤ ወዲያው ደግሞ ቀጠለ።

“የት የሰማሽው ስም ነው እህቴ?”

“ቶቦቹ የሷ ናቸው። ከነጢሷ ነው ለልጄ ያመጣሽላት። ልጅ አሳቅፈሽ አባረርሻት አሉ።”

ሥጋ ሲከትፉ የነበሩት ሴቶች ቢላቸውን እንደያዙ በር ላይ ተደራረቡ። ኢቅባል ሁሉንም አየቻቸውና ፈገግ አለች፤ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

“አሉ? ማን ነው ያለው?”

“ፈትሒያ። ጎረቤቴ።”

“ያቺ ከአጥሩ ወዲያ ያለችው? ‘ደመኛዬ ናት፣ ደሜን የጠጣች ናት’ ስትዪኝ አልነበረም?” ኢቅባል ድምጿን ከፍ አደረገች፤ ሴቶቹ እንዲሰሙ። “እዩልኝ እስቲ! በልጅሽ ሰርግ ቀን ደመኛሽን አምነሽ የልጅሽን ዕድል ልትሰብሪ? ሰው ምን ይልሻል?”

ሴቶቹ ወደ ባቱል ዞሩ። ነገሩ ትክክል ነበር፤ ሰው ምን ይላል? ባቱል ይህን ከማለት መሞት ይቀላት ነበር፤ ግን ሌላ የምትለው አልነበራትም።

“አዎ፣ ደመኛዬ ናት” አለች። “እስክሞት እጠላታለሁ። በሰው ፊት ‘ወተቷ ውሃ ነው’ ብላ አዋረደችኝ። ውሃ ነበር።”

በር ላይ አንዷ “ኧረ በአላህ!” አለች።

“ውሃ እጨምርበት ነበር። ከሦስት እጅ አንዱ ውሃ ነበር። በአማቴ ቀብር ‘ምራቅ ነው የምታለቅሰው’ ብላ አወራችብኝ። ምራቅ ነበር። ሌላም አለ፤ እሱን ለእናንተ አልነግራችሁም፣ አላህ ይጠይቀኛል። እሱም እውነት ነበር።” አሁን ቁጣው መጣላት። “ይህች ሴት እድሜዋን ሙሉ ሰድባኛለች፤ አንድ ቀን እንኳ ዋሽታብኝ አታውቅም! አንቺ ደግሞ ከመጣሽ ጀምሮ ስታሞግሺኝ ነው። ከተናገርሽው አንዱን ‘እውነቷን ነው’ ብሎ የሚመሰክርልሽ ሰው ጥሪ። አንድ ሰው! ጠላትም ቢሆን!”

ኢቅባል አፏን ከፈተች። ይህን ጊዜ ሐጃ ሲትና ከጥግ፣ ቶቦቹን እያየች፣ ለራሷ የምትናገር መስሏት ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ፦

“እጠቢያቸው ብዬሽ አልነበር! ‘ከታጠቡ አዲስ አይመስሉም’ አልሽ!”

የኢቅባል ፊት አመድ ለበሰ። በዚህ ሰዓት ኢንቲሳር ከውስጥ ወጣች፤ እጇ የሂና ልብጥ፣ ፀጉሯ በዘይት የረጠበ። ለስንት ቀን ከክፍል ያልወጣች ሙሽራ በሰው ፊት መቆሟ ራሱ ነውር ነበር።

“እትዬ ኢቅባል” አለች፣ “ሹክሪያ የወለደችው ምንድን ነው? ወንድ ነው ሴት?”

“ምን አገባሽ?”

“ሴት ናት” ብላ ጮኸች ሐጃ ሲትና። ከንፈር አንብባ ይሁን ገምታ አይታወቅም። “ዓይኗ ቁርጥ የኢቅባል ዓይን! ‘ልያዛት’ ብል እንኳ እንቢ አሉኝ።”

ከዚያ በኋላ የኢቅባል ልስላሴ ከላይዋ ተገፈፈ። ቶቦቹን እየሰበሰበች ያልወረወረችው ስድብ የለም። “ማን ነው ከዚህ የጭቃ ጉድጓድ ልጅ የሚወስድላችሁ? እኔ ሆኜ ነው! እዚሁ ትበስብስልሽ! ውሃ እየሸጣችሁ ወተት የምትሉ፣ በአጥር የምትነፋነፉ!” የወድ ቶም ሴቶችም ዝም የሚሉ አይደሉም። እስከ መኪናው ድረስ፣ አንዷ ስለ ጫማዋ፣ አንዷ ስለ አያቷ፣ አንዷ ስለ ፎቋ እያነሱ ሸኟት። ሐጅ ባቢከር ወሬው ደርሶት መስጊድ በር ላይ ሙዓዊያን ጠብቆ፣ ጢሙን ነክቶ፣ “ልጄ፣ ሂድና መጀመሪያ ያለህን ቤት ሥራ” አለው። ሌላ አላለም። ወንዶቹ ግን የታረደ ሥጋ አይጣልም ብለው ገብተው በሉ።

እንግዶቹ እንደሄዱ የሰፈሩ ሴቶች ወደ ባቱል ዞሩ። ምሕረት ለማድረግ አይደለም።

“ከሦስት እጅ አንዱ?” አለች የዳቦ ጋጋሪዋ ሚስት። “ልጆቼን እኮ በሱ ነው ያሳደግኩት!”

“ለዚህ ነው የኔዎቹ የከሱት!”

“ወላሂ፣ የላሟ ስም አሁን ገና ገባኝ!”

ባቱል መሐላቸው ቆማ ጠጣችው። በዚህ መሐል ፈትሒያ በመንገድ በኩል ስታልፍ፣ በሩ ክፍት ነበርና፣ ቀስ ብላ ቆመች። ወደ ውስጥ አልገባችም፤ እግሯን ደፉ ላይ እንኳ አላሳረፈችም።

“አንድ እጅ?” አለች ለመንገዱም ለግቢውም እንዲሰማ። “አትዋሺ ባቱል! ግማሹ ውሃ ነበር!”

ሴቶቹ በሳቅ ተንከተከቱ። ፈትሒያ መንገዷን ቀጠለች። ባቱል ስድቡን ጉሮሮዋ ላይ አዘጋጅታው ነበር፤ ከነእናቷ፣ ከነዘሯ፣ ከነአፍንጫዋ። አልወጣም። ግማሹ ውሃ ነበር። ይህን እንኳ ታውቃለች፣ ይቺ የሰይጣን ቁራጭ።

ከሰዓታት በኋላ ሰው ሁሉ ተበትኖ ኢንቲሳር በእናቷ ጎን ተቀምጣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ከአጥሩ ወዲያ የፈትሒያ ሳል ተሰማ። የጡቡ አቧራ ይሆናል፤ ግን ደረቅና ረጅም ነበር፣ የአሮጊት ሳል። ባቱል ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። አልራራችላትም። አሁንም ትጠላት ነበር፤ ነገ ጠዋት ዶሮዋን እዚያው ቦታ ታስራለች። ግን በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ይህች ሴት ከእኔ ቀድማ ብትሞትስ ብላ ፈራች። ያኔ ባቱል ማን እንደሆነች በእርግጥ የሚያውቅ ሰው በዚህ ምድር ላይ አንድም አይቀርም።